ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ደብራችን ቤት ይከራይ ወይስ በየወሩ ገንዘብ ይስጥ?

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፤ የምግባረ ሠናይ ክፍሉም ጸሐፊ እኔ ነኝ። ክረምቱ ሳይገፋ ልንወስነው የሚገባ ጉዳይ ስላለ ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

በዙሪያችን ካሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከአንኮበርም በኩል፣ ስምንተኛ ክፍልን አልፈው ዘጠነኛ ለመማር ወደ ከተማችን የሚመጡ ሴት ልጆች ብዙ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸውም እየተጨመሩ ነው። አሁን ባለው ሥርዓት ሁለተኛ ደረጃ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ስለሆነ አንዲትን ልጅ ስንቀበል የአራት ዓመት ነገር ነው፤ ለአንድ መስከረም ብቻ የሚታሰብ አይደለም።

እስከ አሁን ስናደርግ የቆየነው ይህ ነው። ምእመናን በየወሩ ከሚያዋጡት ላይ ለአሥራ አንድ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 1500 ብር እንሰጣለን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ዩኒፎርም የሌላት ካለችም ዩኒፎርም። ገንዘቡን የምንሰጠው ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ተሰልፈው ፈርመው ይቀበሉና ይሄዳሉ። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ሲታመሙ ማን እንደሚያያቸው የምናውቀው ነገር የለም።

ዘንድሮ ሁለቱ ጥር ላይ አገራቸው እንደሄዱ ቀሩ። ሌላዋ ደግሞ ጠላ ቤት ጓሮ ተከራይታ ስለምትኖር፣ ኪራዩ እንዲቀነስላት ማታ ማታ ጠላ ትቀዳለች ብለው ነገሩኝ። ሄጄ አየሁት። ክፍሏን ከመጠጫው ቤት የሚለየው በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ብቻ ነው። አልጋዋ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የባዮሎጂ ሥዕል ትገለብጥ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ የሚጨቃጨቁት ሰዎች ንግግር ቃል በቃል ይሰማል። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ይህን ካየሁ ወዲህ በሰልፍ አስፈርሞ ገንዘብ መስጠቱ ሕሊናዬን አያሳርፈውም።

ጉባኤያችን ግን አልተስማማም። አንዳንድ አባቶች «ቤት ከተከራየን ኃላፊነቱ የእኛ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስ የደብሩ ስም ይጠፋል፤ የምንችለውን ሰጥተን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው ማለት ይሻላል» ይላሉ። ሌሎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ስላሉ እነርሱን እናድስ ይላሉ። እኔና ጥቂት ሰዎች ደግሞ ከደብሩ አቅራቢያ አንድ ጊቢ ተከራይተን፣ አብራቸው የምታድር እናት ብንቀጥር እንላለን። የትኛው ይሻላል? በተግባር የሞከረ ካለ ይንገረኝ። ደግሞም ጥያቄ የተነሣበት ሌላ ነገር አለ፤ የእኛ እምነት ተከታይ ያልሆነች ልጅ ብትመጣስ?

—

መልስ 1፦ የጅሩ ልጅ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ያነበብኩት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው፤ ሳልተኛ ልመልስልሽ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ነርስ ነኝ። የተወለድኩት ሞረትና ጅሩ ገጠር ሲሆን፣ ዘጠነኛ ክፍል ከተማ ገብቼ እስከ መጨረሻው የተማርኩት የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጽዋ ማኅበር እናቶች ይዘውኝ ነው።

መጀመሪያ የተከራየነው ለሦስት ነበር፤ አባቶቻችን ገበያ ላይ ተነጋግረው አገናኙን። ክፍሉ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ከተኛበት የሚተርፈው ለምድጃ የምትሆን ቦታ ብቻ ነው። ስንቃችን በየከረጢታችን ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ቅዳሜ ጠዋት አገር ቤት እንሄድና እሑድ ማታ ስንቅና ኩበት ተሸክመን እንመለሳለን፤ የከተማ ልጆች የሚያጠኑበት ቀን ለእኛ በመንገድ ያልቃል። አከራያችን መብራት የምታጠፋው ማታ በሦስት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ የገጠር ልጅ ችግር መቻል ይዛ ነው የምታድገው። ያልተቻለው የበሩ ነገር ነው። በሩ ስንወጣ ከውጭ በቁልፍ ይዘጋል እንጂ ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ማታ ከረጢቶቻችንን በሩ ሥር ደርድረን ነበር የምንተኛው። ሽንት ቤት መሄድ ያለባት ካለች ሦስታችንም አብረን እንነሣለን። አንድ ሌሊት ሰክሮ የገባ የጊቢው ተከራይ በሩን ሲገፋ አመሸ፤ በበነጋው ከሦስታችን አንዷ ስንቋን ሸክፋ ሄደች። እርሷ ከሁለታችንም የበለጠ ጎበዝ ነበረች። በዚያው ትምህርቷ ቀረ።

የማኅበሩ እናቶች ያገኙን በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። አስቀድሰን ስንወጣ አንዲት እናት «የማን ልጆች ናችሁ? የት ነው የምታድሩት?» ብላ ጠየቀችንና ተከትላን መጣች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ በሩንም ከፈት ዘጋ አደረገችው፤ ምንም ሳትናገር ሄደች። ከሰዓት በኋላ አናጺ ይዛ ተመለሰች። ከቤተ ክርስቲያን የተቀበልነው የመጀመሪያ እርዳታ ያ የብረት መቀርቀሪያ ነው። ዋጋው ከአንድ ወር ኪራይ ያነሰ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከተማ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

በኋላ ማኅበሩ አንዲት ባሏ የሞተባት አባላቸው ጊቢ ውስጥ ሰፋ ያለ ክፍል ተከራየልን። እናትየዋ ከኪራዩ ሌላ ትንሽ ገንዘብ ታገኛለች፤ በዚያ ፈንታ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ያልገባች ልጅ ካለች ወጥታ የምትፈልግ እርሷ ናት። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጡ ሲባል የምትሄደውም፣ ካርድ የምትፈርመውም እርሷ ናት። ሒሳብ ላይ ዝቅ ብዬ በተገኘሁ ጊዜ መምህሩን ሄዳ አነጋገረችው፤ ማንበብና መጻፍ ባትችልም ውጤቴ ለምን እንደወረደ ከእኔ በላይ አውቃ ተመለሰች።

አሁን ስለ ጥር ልንገርሽ፤ ሁለቱ ልጆች ጥር ላይ ቀሩ ያልሽው ነገር ለእኔ ግልጽ ነውና። የመንፈቅ ፈተና ያልቃል፤ ጥምቀት ይደርሳል፤ ልጅቱ አገሯ ትገባለች። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለእኔም ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከተማ የተቀመጠች ሴት ልጅ ስሟ ከጠፋ የሚያገባት የለም ብሎ ነው የፈራው። ያዳነኝ የነፍስ አባታችን ነው። የማኅበሩ እናቶች አስቀድመው መልእክት ልከውበት ነበር። ቤታችን መጥቶ፣ ጠበሉን ረጭቶ፣ እህል ቀምሶ ሲያበቃ አባቴን «ይህችን ልጅ የከተማው ደብር በአደራ ተቀብሏታል። አደራውን የምታፈርስ ከሆነ ለእኔ አትናገር፤ ሄደህ ለተቀበሉህ እናቶች ተናገር» አለው። አባቴ ለመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ብዙ መልስ ነበረው፤ ለንስሐ አባቱ ግን መልስ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

እህቴ፣ እኔ የምለው ይህን ነው። ደብተር ማንም ሊሰጥ ይችላል። ድርጅትም፣ ወረዳም፣ ደግ ግለሰብም ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን ግን በሁለቱም ጫፍ አለች፤ ልጅቱ በተወለደችበት ቀበሌ ቄስ አላት፣ በምትማርበት ከተማም ደብር አላት። እነዚህ ሁለቱ ከተነጋገሩ አባትየው የሚያምነው ሰው በሁለቱም በኩል አለ ማለት ነው። እናንተ አሁን የያዛችሁት አንዱን ጫፍ፣ እሱንም በወር አንድ እሑድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን በእጅ መስጠት ተዉ። ልጅቱ ትቀበላለች፤ ታናሽ ወንድሟ ታሞ እንደሆነ ወደ ቤት ትልከዋለች፤ እኔም ባገኝ እልከው ነበር። ጊቢ ተከራዩ። በቅጽሩ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ግን አልመክርሽም፤ ምክንያቱን አንቺም ሴት ስለሆንሽ ይገባሻል። በልማዳችን ሴት ልጅ በወር አበባዋ ሰሞን ወደ ቅጽር አትገባም። ማደሪያዋ እዚያ ከሆነ በየወሩ የት ልትሄድ ነው? ወይ ተደብቃ በጭንቀት ታድራለች፣ ወይ ጓዟን ይዛ ስትወጣ የደብሩ ዘበኛ ሳይቀር ያውቅባታል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከቅጽሩ ውጭ፣ ደወሉ በሚሰማበት ርቀት አድርጉት። የንጽሕና መጠበቂያውንም ከሳሙናው ጋር በየወሩ ሳትጠየቁ አስቀምጡ፤ ልጅቱ ለወንድ ገንዘብ ያዥ ልትጠይቅ አትችልም።

ቁልፉ በሴቶች እጅ ብቻ ይሁን። የጉባኤው ሊቀ መንበርም ይሁን ካህን፣ ወንድ ሊጎበኝ ሲመጣ ሁለት ሆኖ፣ በቀን፣ እናትየዋ ባለችበት ብቻ ይግባ። ስም ይጠፋል ብለው የሚፈሩት አባቶች እውነት አላቸው፤ ግን የደብሩን ስም የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ደንብ ነው እንጂ ልጆቹን ጠላ ቤት ጓሮ ትቶ አለማየቱ አይደለም።

—

መልስ 2፦ ቄስ፣ ከአንኮበር ገጠር

ልጆቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። የምጽፈው በልጄ ልጅ ስልክ ነው። የጅሯ ልጅ የተናገረችውን አንብባልኝ ደስ አለኝ፤ እኔ በገጠሩ ጫፍ ያለሁት ነኝና ከዚህ በኩል ያለውን ልናገር።

ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ በሰው አገር፣ በሰው እህል ሲማር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ቅኔ የተማርኩት ኮፊዳዬን ይዤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ነው። የማላውቃቸው እናቶች ከሌማታቸው ቆርሰው አብልተውኛል፤ ልጃቸው ባልሆን ስለ እመቤታችን ብለው ነው። የሴቷ ልጅ ነገር የሚለየው እርሷን በየደጁ ሂጂ፣ ጎጆ ቀልሰሽ እደሪ ማለት ስለማይቻል ነው። ስለዚህ እህሉ እርሷ ወዳለችበት ይሂድላት።

የገጠሩ ሰው ገንዘብ አዋጣ ብትሉት ይከብደዋል፤ ጥሬ አዋጣ ብትሉት ግን እጁ አይታጠፍም። ታኅሣሥና ጥር እህሉ ከአውድማ ሲገባ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ቁና ገብስ፣ አንድ ቁና ባቄላ ቢሰጥ ለልጆቹ የዓመት በሶና ሽሮ ይወጣዋል። ከእኛ አጥቢያ አራት ልጆች ከተማ አሉ፤ አጥቢያው ለአራቱ ማዋጣት አያቅተውም። እስከ አሁን ያላዋጣነው ማን ይቀበለናል፣ የት እናድርሰው ብለን ነው። ደብሩ ጎተራ የምትሆን አንድ ክፍል ከያዘ እኛ በአህያ ጭነን እናደርሳለን። ይህ ደግሞ ለዚህ ጊዜ በጣም ያስፈልጋል፤ መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ልጅቱ ወደ ቤቷ መጥታ ስንቅ መያዝ አትችልም፤ እናቷም መላክ አትችልም። ቤቱ የሁለት ወር እህል ሊኖረው ይገባል።

ስለ ጋብቻውም ልናገር። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት መዳር በሕግ የተከለከለ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባውን እንደሚቀጣ በወረዳው ስብሰባ ነግረውናል። ወላጅ ግን ዕድሜዋ ደርሷል ይላል፤ ብዙ ጊዜ የልደት ማስረጃ የለም። እኔ ዘንድ ሲመጡ ይህ አይሠራላቸውም። በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋትን ልጅ ዕድሜ እኔ አላጣውም። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው በዓል ሰሞን ክርስትና እንደተነሣች፣ የክርስትና እናቷም ማን እንደሆነች አውቃለሁ። በየአጥቢያው ያለ ካህን እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደብሩ ልጆቹን ሲቀበል ለየአጥቢያቸው አስተዳዳሪ በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍ፤ ስማቸው ተዘርዝሮ «እነዚህን ልጆች ተቀብለናል» ይበል። እኛ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት እናነብበዋለን። በሕዝብ ፊት የተነበበ አደራ በጓዳ አይፈርስም።

—

መልስ 3፦ የሒሳብ መምህር

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ አጭር ነገር ልጨምር። ቤቱ ሲዘጋጅ ጠረጴዛና መብራት አትርሱ። ከገጠር የመጣች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከአማርኛው በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። ሰነፍ ሆና ሳይሆን ጥያቄው ሳይገባት ነው የምትወድቀው፤ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስጠይቃት ሰሌዳ ላይ ወጥታ የምትሠራ ብዙ አለች። በመጀመሪያው መንፈቅ ካልተደገፈች ተስፋ ትቆርጣለች፤ ጥር ላይ ለሚመጣው ሽማግሌም «ይቅር፣ እኔም አልተሳካልኝም» ማለት ይቀላታል።

ይህን የምለው ፈተናው ቀላል ስላልሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ብዙው አይደርስም። ልጅቱን አራት ዓመት አብልታችሁ፣ አስጠልላችሁ፣ ትምህርቱን ካላገዛችኋት ድካማችሁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያስጠኑ ሴት ተማሪዎችን ማግኘት አያስቸግርም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ያላለፈችም ብትሆን መንገዷ አልተዘጋም፤ ለቴክኒክና ሙያ ምዝገባ ይዟት የሚሄድ ሰው ግን ያስፈልጋታል።

—

መልስ 4፦ እናት፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ እዚህ አሜሪካ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሰበሰብ የሴቶች ማኅበር ነን፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ለዓመታት ስንልክ ቆይተናል። ከላኪ ወገን ያየሁትን ላካፍል።

ሰው ለደብተር፣ ለጫማ፣ ለዩኒፎርም ቶሎ እጁን ይዘረጋል። አብራቸው ለምታድረው እናት ደመወዝ ስትጠይቁ ግን ዝም ይላል፤ «ገንዘቡ ለልጆቹ እንጂ ለሠራተኛ ለምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። በማኅበራችን ውስጥ ስለዚህ ብዙ ተከራክረናል። እኔ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የእናትየዋ ደመወዝ ለልጆቹ ነው። እርሷ ከሌለች ቤቱ ተራ የኪራይ ቤት ነው። በነፃ የምታገለግል እናት እናገኛለን ብላችሁ አትጀምሩ፤ የራሷ ልጆችና የራሷ ኑሮ ስላላት ከጥቂት ወራት በኋላ ትደክማለች። ውጭ አገር ያሉ ማኅበራትን ስትጠይቁ ይህንኑ ለይታችሁ ጠይቁ፤ «የአንዲት እናት የዓመት ደመወዝ ሸፍኑልን» በሉ። እኛ ይህን እንሸፍናለን፤ በግል መልእክት ጻፊልኝና እንነጋገር።

ሌላው የፎቶ ነገር ነው። እባካችሁ የልጆቹን ፎቶ እየላካችሁ አትለምኑ። ተሰልፈው፣ ደብተር ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው የተነሡት ሥዕል በየስልኩ ሲዞር አይቻለሁ፤ ያቺ ልጅ ነገ ሐኪም ስትሆን ያ ፎቶ ይከተላታል። እኛ የምንፈልገው ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫና በየመንፈቁ ስንት ልጆች እንዳለፉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ገቢውም በሰበካ ጉባኤው ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆረጥ ይሁን። ቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ካህናቱም፣ ምእመናኑም፣ ወጣቱም በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ እንዲያስተዳድሩ ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነውና አዲስ ኮሚቴ መፍጠር አያስፈልግም።

—

መልስ 5፦ ኮምቦልቻ

የእምነቱን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው እኔ ልሞክር። ወሎ ነው ያደግኩት፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም የሆነበትን ቤተሰብ ሳይ ነው የኖርኩት። የተቸገረች ልጅ በር ስታንኳኳ እምነቷ መጠየቅ የለበትም። ማስጠኛውና የትምህርት መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ማደሪያውን በተመለከተ ግን ከወላጆቿ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ቤቱ ውስጥ ጸሎት አለ፣ ጾም አለ፤ አባቷ ልጄን ሃይማኖቷን ሊያስለውጡ ነው ብሎ ከሰጋ ስጋቱን ማክበር ይገባል። እኛ ከተማ እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው አንዲት ሙስሊም እናት ዘንድ አስቀመጧት፤ ኪራዩን ሁለቱም ወገን ተካፈሉት። ልጅቷም ማስጠኛው ላይ ከሌሎቹ ጋር ትማር ነበር።

—

ጸሐፊዋ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ጽሑፎቻችሁን አትሜ ለጉባኤው አነበብኩት። የመቀርቀሪያው ነገር ሲነበብ ቤት መከራየቱን አጥብቀው ይቃወሙ የነበሩ አንድ አባት ዝም ብለው ቆዩና «የእኛዎቹ በር መቀርቀሪያ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። በማግስቱ ከሁለት እናቶች ጋር ሆነን የሁሉንም ማደሪያ ዞረን አየን። አራቱ የላቸውም። አሠርተንላቸዋል፤ ጠላ ቤት ጓሮ የነበረችውን ልጅ ደግሞ ሰኔ እስኪያልቅ አንዲት የጉባኤው አባል ቤቷ ወስዳታለች።

ጉባኤው ከደብሩ በስተጀርባ ሦስት ክፍል ያለው ጊቢ ለመከራየት ወስኗል። በቅጽሩ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱ ለእህሉ ጎተራ ይሆናል፤ ማስጠኛው ግን ልጆቹ በማንኛውም ቀን እንዲገቡበት በተከራየነው ጊቢ ውስጥ ይሆናል። ቁልፉን በተመለከተም የተባለው በደንብ ጸድቋል። የሜሪላንዷን እናታችንን በግል ጽፌላቸዋለሁ። የቀረኝ ከወላጆች ጋር የምንፈራረመው ውል ነው። ምን ምን ይግባበት? በተለይ ልጅቱ ብትታመም ማን ይወስናል፣ መካከል ላይ ትምህርቷን እንድታቋርጥ ቢፈልጉስ ምን ይደረጋል የሚለው አስቸግሮናል።

—

የጅሩ ልጅ

ስለ ሕመሙ እንደ ነርስ ልንገርሽ። ወላጅ በሌለበት ሐኪም ቤት የምትወስዳት ሰው ማን እንደሆነች በስም ይጻፍ፤ አባትና እናት ሁለቱም ይፈርሙ። እናት ሳትፈርም አትቀበሉ፤ ልጅቱ ስትታመም መጀመሪያ የምትጠራው እናቷን ነው። የወላጅን ስልክ፣ ስልክ ከሌለም የጎረቤትን ወይም የቄሱን ስልክ ያዙ። ለማቋረጡ ደግሞ፣ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ሲፈልግ የነፍስ አባቱንና ልጅቱን ይዞ ደብሩ ድረስ መጥቶ ይነጋገራል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው። ልጅቱ ራሷ ቀርባ ትጠየቅ። ውሉ ለወላጆች ጮክ ብሎ ይነበብላቸው፤ አንድ ቅጂ በእጃቸው ይሰጣቸው።

—

ቄስ፣ ከአንኮበር ገጠር

ልጄ፣ ደብዳቤውንና ውሉን ከነሐሴ 1 በፊት አድርሱልኝ። በፍልሰታ ሱባኤ ሕዝቡ፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ፣ በየዕለቱ ለቅዳሴ ስለሚመጣ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱት ከእኛ አጥቢያ ሦስት ናቸው፤ የሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን ለመላክ እያመነቱ ነው። በሱባኤው ውስጥ አነጋግሬ ለምዝገባ ከእናቶቻቸው ጋር እልካቸዋለሁ። የአጎራባቹ አጥቢያ ካህንም ደብዳቤውን ለእርሱም እንድታደርሱለት ጠይቆኛል።